ሦስተኛው ስም

«የባልሽን አባት ስም ካላወቅሽ የዚህ ልጅ እናት አይደለሽም» አለኝ ጸሐፊው። ቀስ ብሎም አላለኝ፤ ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ ነው። ሳቁ። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ መስኮቱ ፊት ቆሜያለሁ። ልጄ ደጀኔ አጠገቤ ነው፤ ሸሚዙን አስተኩሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ ቁርስ እንኳ ሳይቀምስ የመጣ ልጅ። ስድስት ወልጄ ሦስት ነው ያደጉልኝ። ሁለቱ ሴቶች ተድረው አንዷ አሪቻ፣ አንዷ ኮንጋ ናቸው፤ ወንዱ እሱ ብቻ ነው። ሃያ አራት ዓመት በዚህ ጀርባ አዝዬ፣ በዚህ እጅ አጉርሼ ያሳደግሁትን ልጅ፣ አንድ ወንድይፍራው የሚባል ሰው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ እናቱ አይደለሽም አለኝ። አፌ ውስጥ ስሙ አለ፣ አላወጣውም።

ነገሩ የመንጃ ፈቃድ ነው። ደጀኔ አቶ ነጅሙዲን የሚባሉ የቡና ነጋዴ መጋዘን ጆንያ ሲሸከም፣ መኪና ሲያጥብ ቆይቶ፣ እሳቸው ጭምትነቱን አይተው ለማጅ አደረጉት። ዓመት ከመንፈቅ ኤንትሬ የሚሏትን ትልቋን የጭነት መኪና ከሾፌሩ ጎን እየተቀመጠ፣ ሜዳ ሲገኝ መሪውን እየተቀበለ ተማረ። ቤት ሲመጣ እንኳ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ በግራ እግሩ መሬቱን ይረግጣል፤ ፍሪሲዮን ነው ይለኛል። አሁን ሾፌሩ ሌላ ሥራ አግኝቶ ሄደ። የቡናው ጊዜ ደርሷል፤ ሬኮ ላይ የተከመረ ቡና መኪና ይጠብቃል። አቶ ነጅሙዲን ቁርጡን ነግረውታል። «ዛሬ ፈቃዱን ካገኘህ ነገ ጠዋት ቁልፉ ያንተ ነው። ካላገኘህ ግን፣ ልጄ አትቀየመኝ፣ የእህቴ ልጅ ከቡታጅራ ይመጣል።» ሰውየው ክፉ አይደሉም፤ ቡና ግን ሰው አይጠብቅም። ፈታኞቹ ደግሞ ከጠቅላይ ግዛቱ የሚመጡት በሦስት ወር አንዴ፣ ለአንድ ቀን ብቻ ነው። ያለፈው ፈተና ወባ ይዞት ተኝቶ ሳለ አምልጦታል።

ታዲያ የለማጅ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው «ደጀኔ ወልደዮሐንስ» ተብሎ ነው። ወልደዮሐንስ አባቱ አይደለም። ወልደዮሐንስ ባለመሬቱ ነው፤ እኛ የእሱ ጭሰኞች ነን። ልጁ ትምህርት ቤት ይግባ ስንል የሚያስመዘግብልን ሰው ያስፈልግ ነበርና ባለመሬቱ ሰው ልኮ አስመዘገበልን፤ ሲያስመዘግብ በራሱ ስም አስመዘገበው። ይማርልን እንጂ ብለን ዝም አልን። ከዚያ ያ ስም አራተኛ ክፍል የጨረሰበት ወረቀት ላይ ወጣ፣ ከዚያ ወደ ለማጁ ወረቀት ተገለበጠ። ደጀኔን ካደገ በኋላ ከነከነው። «እማዬ፣ መንጃ ፈቃድ እኮ ዕድሜ ልክ ኪስ ውስጥ የሚኖር ነገር ነው። ኬላ ላይ በቆምኩ ቁጥር የዚያ ሰውዬ ልጅ ነኝ ልል ነው?» አለኝ። እናት ወይም የአባት ወገን ቀርቦ በአፉ ከመሰከረ ስሙ ይቃናል ተብሏል። ትመሰክሪልኛለሽ ወይ ሲለኝ በደስታ አልኩት። የልጄን ስም እናገራለሁ፣ የአባቱን የባልቻን ስም እናገራለሁ፣ አለቀ ብዬ ነው የመጣሁት። መንግሥት ሦስት ስም እንደሚጠይቅ እኔ የት አውቄ። ደጀኔ ደግሞ ከከተማ ልጅ ጋር አድጎ፣ የእናቱ አፍ የማይጠራው ስም እንዳለ ረስቶታል።

በእኛ ዘንድ ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም። መጥራት ይቅርና፣ በዚያ ስም ፊደል የሚጀምረውን ነገር ሁሉ ዞራ ነው የምትለው። በቋንቋችን ወተት ከአማቴ ስም ጋር ስለሚገጥምብኝ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወተትን «ነጩ» እያልኩ ነው የኖርኩት። ጌታን ከተቀበልኩ በኋላ ወንጌላዊው «ይህ ቀንበር ነው፣ ጣይው» ብሎኛል። ልክ ነው፣ ጌታ ነጻ አውጥቶኛል፤ ብዙ ነገር ጥያለሁ። ይሄን ግን አልጣልኩም፤ ፈርቼም አይደለም። አማቴ ወደ ጎጆዬ ሲመጡ ከእንሰቱ ማዶ ቆመው ይስሉ ነበር፤ ሳልዘጋጅ እንዳይደርሱብኝ። የእኔንም ስም አንድ ቀን አልጠሩም፤ «ልጄ» ነበር የሚሉኝ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጨቅላዎች ተራ በተራ ሲሞቱብኝ፣ ማህፀኗ ክፉ ነው፣ ወደ አባቷ ትመለስ ተብሎ ሽማግሌ ተቀመጠ። እሳቸው ሰው እስኪጨርስ አዳመጡና «ልጄን ወደ ማን ነው የምመልሳት?» ብለው በትራቸውን ይዘው ተነሱ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። በሁለተኛው ዓመት ደጀኔ ተወለደ። እንዲህ ያለ ሰው ስሙ ቢከበር ምን ይበዛበታል? የመንግሥት ሰዎች መሬቱን በቀላድ ገመድ የለኩ ጊዜም አይቻቸዋለሁ። ስምህ ማን ነው ሲሏቸው ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ቀጥ ብለው ቆመው ተናገሩ። የተጻፈው ግን የወልደዮሐንስ ስም ነበር። እስኪሞቱ ድረስ ስማቸው ያለበት አንድ ወረቀት አልነበረም።

መስኮቱ ጋ ደጀኔ ፈጥኖ የአያቱን ስም ሊናገር ሲል እኔ ነጠላዬን ጆሮዬ ላይ ሳብኩ። ጸሐፊው ጠረጴዛውን መታ። «አንተን ማን ጠየቀህ? ባለጉዳይ ለራሱ ይመሰክራል እንዴ?» እኔ ለመንኩት፤ ጌታዬ፣ እሱ ይናገር፣ እኔ አዎ ብዬ ራሴን እነቀንቃለሁ፣ ሃይማኖት ያለኝ ሴት ነኝ አልዋሽም አልኩት። «ምስክርነት በአንገት አይደለም፣ በአፍ ነው» አለኝ። ከሰልፉ አንድ ቀይ ሹራብ የለበሰ ለማጅ «እትዬ፣ ምናልባት ስሙን ገበያ ጥለውት ይሆናል፣ ተመልሰው ይፈልጉት» አለና እንደገና ሳቅ ሆነ። ወንድይፍራው ግን ሲስቁ ደስ አለውና ለዘብ አለ። «ስሚኝ እናት፣ ልጅሽን አታጉላዪው። በዚሁ በወልደዮሐንስ ይውጣለት። መኪና የሚነዳው በእጅ እንጂ በስም ነው? መዝገቡን ስድስት ሰዓት ላይ እዘጋለሁ። የአባት ወገን የላችሁም?» እኔና ደጀኔ ተያየን። ወገንስ አለ። ሁለታችንም መሬት መሬት አየን።

ወገኑ ይርጋ ነው፤ የባሌ ታናሽ ወንድም፣ ዋርሳዬ። ከተነጋገርን ሰባት ዓመት አልፎናል። ባልቻ ሲሞት ደንቡ እኔ ለይርጋ እንድተላለፍ ነበር። ይርጋ ሚስት አለው፣ ልጆች አሉት፤ በሰውም አስነግሬው ነበር፣ እሱ ዝም ቢል ነገሩ ይቀራል ብዬ። በአርባው ቀን ሽማግሌዎቹ ሲጠይቁኝ ግን ሁሉም ባለበት «እኔ የጌታ ነኝ፣ ለማንም አልወረስም» አልኩ። ቃሉ እውነት ነው፤ አነጋገሬ ግን ሻካራ ነበር፤ አሁን ሳስበው። ይርጋ ሰው ፊት አፈረ። ተነስቶ ወጣ፣ ከዚያ ወዲህ ደጃፌን አልረገጠም። ገበያ ስንገናኝ እሱ ወደ ሱቁ ያያል፣ እኔ ወደ ዘንቢሌ አያለሁ። ሴት ልጆቼ ሲዳሩ የተጠራው በሰው ነው፤ ሳንቲም ልኮ እሱ ቀረ።

አምስት ሰዓት አልፏል። ደጀኔ አትሂጂ አለኝ፣ እኔ ግን ወደ ይርጋ ወረድኩ። መንገዱ ጭቃ ነው፣ የቡና መኪኖች እየተጋፉ ይወጣሉ፣ ሲያልፉ የሰው ቀሚስ ላይ ይረጫሉ። እየሄድኩ ጸለይኩ። ጌታ ሆይ ልቡን አራራልኝ አላልኩም፤ ምላሴን ያዝልኝ ነው ያልኩት፣ ምክንያቱም ያኔ ያጠፋችው ምላሴ ናት። ይርጋ ገበያው መግቢያ ላይ፣ የአቶ ዘይኑዲን ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፋል። ያለ ሰላምታ ደረስኩበት። አየኝ፤ የስፌት መኪናውን መርገጥ አላቆመም። አንድ የተማሪ ቁምጣ ይዞ ነበር፣ እሱን እስኪጨርስ ቆምኩ። ክሩን በጥርሱ ሲበጥስ ፀጉሩ እንደሸበተ አየሁ። ባልቻን መሰለኝ።

«ለደጀኔ ነው የመጣሁት» አልኩት። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ነገርኩት፤ መስኮቱን፣ ጸሐፊውን፣ ሦስቱን ስም። «የአባትህን ስም አንተ ብትናገር ያልቃል። ለእኔ አይደለም፣ ለወንድምህ ልጅ ነው።»

ሌላ ጨርቅ አነሳ። «ደንብ አለብኝ ነው የምትይው?»

«አዎ።»

«የትኛው ደንብ? ደንቡን እኮ አንቺ በአርባው ቀን ከነአመዱ ጠራርገሽ ጥለሻል። እኔ የጌታ ነኝ ብለሽ የለ? ጌታሽ ይመስክርልሽ እንጂ።»

ምላሴን ያዝኩ። አዎ፣ ነገሩ ያቃጥላል፣ ግን የሰባት ዓመት ነገር ነው፤ ይውጣለት ብዬ ቆምኩ። እሱም ወደ እኔ ሳያይ፣ «ቤተክርስቲያናችሁ ይሄን አስጥሏችሁ የለም እንዴ? የጎረቤታችን ሚስት አማቷን በስሙ ትጠራዋለች፣ እንደ ውሻ» አለኝ።

«እኔ አልጣልኩም» አልኩት። «ባልቻ ከሞተ በኋላም፣ አንተ ከተቀየምከኝ በኋላም፣ አንድ ቀን አልጠራሁም። ዛሬም ነጩ ነው የምለው። ልጆቼን ጠይቃቸው።»

መርገጫው ላይ ያለው እግሩ ቆመ። መርፌው ሥር ያለውን ጨርቅ ብቻ ያያል። መዝገቡ ሳይዘጋ ልድረስ ብዬ «በል፣ ይቅር ይበለን» አልኩና ተመለስኩ። ዳገቱን ስወጣ አልቅሻለሁ፤ ለማን እንደሆነ አላውቅም።

ስደርስ ሰልፉ ተመናምኗል። ደጀኔ መስኮቱ ላይ ጎንበስ ብሏል፣ ብዕር ተሰጥቶታል። አየኝ፤ ከኋላዬ ማንም እንደሌለ አየ። «ተይው እማዬ። ወልደዮሐንስ ይሁን። ምን ይለኛል፣ ዋናው እንጀራው ነው» አለኝ። ሊስቅልኝ ሞከረ። ያ ሳቅ ነው የገደለኝ። ልጅ እናቱን ለማዳን አባቱን ሲተው አየሁ። ለኬላው፣ ለፖሊሱ፣ ለሚያገባት ልጅ፣ ለሚወልዳቸው ልጆች የሰው ስም ይዞ ሊኖር ነው። አማቴ ኮፍያቸውን አውልቀው ሜዳው ላይ የቆሙት ታዩኝ፤ ተናግረው፣ ተናግረው፣ ያልተጻፈላቸው። እኔ በዝምታዬ አከበርኳቸው ስል፣ ለካስ ዝምታዬም ያው ላለመጻፍ ሊሆን ነው። እጁን ያዝኩት። ነጠላዬን ከአፌ ላይ አወረድኩ። ጸሐፊው ቀለም ሊነክር አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ በመስኮቱ ውስጥ፣ ድምጼን ሳልደብቅ፣ «ደጀኔ፣ ባልቻ» አልኩና ሦስተኛውን ተናገርኩ።

እዚህ አልደግመውም። ያኔ እንዴት እንደወጣ ራሴም አላውቅም፤ የራሴ ድምጽ አልመሰለኝም። ደጀኔ ፊቱን አዞረ። እኔ ያልታጠበ ነገር የነካሁ መስሎኝ እጄን ቀሚሴ ላይ ጠረግሁ። ዞር ስል፣ ከአሥር እርምጃ በማይበልጥ ቦታ ላይ ይርጋ ቆሟል። የስፌት ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው፣ እያለከለከ ነው፣ ሮጧል። ሰምቷል። ከዓይኑ አወቅሁ። ይርጋ ሆይ፣ ጥቂት ብትቀድም ኖሮ፤ ወይ እኔ ጥቂት ብታገሥ። መሬቱ ቢከፈት ምኞቴ ነበር።

«በል ድገሚው፣ በደንብ አልሰማሁም» አለ ጸሐፊው ብዕሩን አንስቶ።

ይርጋ ሰው ገፍቶ መስኮቱ ላይ ደረሰ። «የተናገርኩት እኔ ነኝ» አለ።

«የሴት ድምጽ ነው የሰማሁት እኮ።»

«እኔ ነኝ አልኩህ። ይርጋ እባላለሁ፣ የልጁ አባት ወንድም ነኝ። የአባቴን ስም እኔ ነኝ የተናገርኩት። እሷ ምንም አላለችም።» ከዚያ ስሙን ደገመው፤ ጮክ ብሎ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ። እኔ ጆሮዬን ሸፈንኩ። ወንድይፍራው እኔን አየ፣ እሱን አየ፣ ሰልፉን አየ። ማንም አልሳቀም። ያ ባለ ቀይ ሹራብ ልጅ ጉሮሮውን ጠራርጎ «አዎ ጌታው፣ እሳቸው ናቸው የተናገሩት። እኔም ሰምቻለሁ» አለ። ከኋላው ያለውም «እኔም» አለ። ጸሐፊው ትከሻውን ነቅንቆ ጻፈ። ሐሰት ነው። ጌታ ሐሰት አይወድም፣ አውቃለሁ፤ ልመሰክር የመጣሁ ሴት የሐሰት ምስክር መሃል ዝም ብዬ ቆምኩ። ስለዚያ ዝምታ ብዙ ጊዜ ጸልያለሁ። ጸጸት ግን እስከ ዛሬ አልመጣልኝም።

ከሰዓት በኋላ ፈተናው ወደ ለገዳራ ወንዝ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ሆነ። ኤንትሬዋን አቶ ነጅሙዲን አሳጥበው ልከዋታል። ፈታኙ ወፍራም ሰው ነው፣ ባርኔጣ ያደርጋል። መኪናው ዳገቱን ሽቅብ ይዞ መሃል ላይ ሲቆም ወርዶ ከኋላ ጎማ ሥር የክብሪት ቀፎ አስቀመጠ። ወደ ኋላ ሳይንሸራተት፣ ቀፎዋን ሳይደፈጥጥ መነሳት አለበት። ከደጀኔ በፊት አራት ለማጆች አራት ቀፎ ደፍጥጠዋል፤ ባለ ቀይ ሹራቡም አንዱ ነው፣ አዘንኩለት። እኔና ይርጋ በመንገዱ ወዲህና ወዲያ ቆመናል፤ አልተነጋገርንም። መኪናዋ ጮኸች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ጭሷ ሸፈነን። ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ መኪናዋ ሽቅብ እየሄደች ነው። ይርጋ ወደ መንገዱ ገብቶ ጎንበስ አለ፣ ቀፎዋን አነሳ፣ በጣቱ አገላብጦ አያት፤ አንድ ጥጓ እንኳ አልታጠፈም። ከዚያ እንደ ዕቃ ኪሱ ከተታት።

ዋናው ደብተር እስኪመጣ ብለው ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጡት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ደጀኔ እንደ ልጅ እየሮጠ መጥቶ አነበበልኝ፤ ጣቱን ከቃል ወደ ቃል እያስኬደ፤ «ደጀኔ፣ ባልቻ» አለ፤ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ አውራ ጣቱን ጫነበትና ዝም አለ። በእጄ ጣቱን አነሳሁት። ሰማያዊ ቀለም ነው። እንዲህ ነው ወይ የሚመስለው ብዬ ብዙ አየሁት።

ይርጋ ሳይሰናበተን ሄዶ ነበር። ወደ ማታ፣ ገና ብርሃን ሳለ፣ ጓዳ ሆኜ ቆጮ ስከትፍ ከእንሰቱ ማዶ የሰው ሳል ሰማሁ። አንድ ጊዜ፣ ቆየት ብሎ ደግሞ አንድ ጊዜ። ቢላውን አስቀመጥኩ። ይህን ሳል አውቀዋለሁ፤ የሞቱት አማቴ ሳል ነው። ነጠላዬን አስተካክዬ ወጣሁ። ይርጋ ነው። ሰባት ዓመት ያልረገጠውን ደጃፍ ረግጦ ገባ፣ ወንድሙ ይቀመጥበት የነበረው በርጩማ ላይ ሳይሆን ከጎኑ መደቡ ላይ ተቀመጠ። ደጀኔ ቆመ። ምድጃው ይንጣጣል። ይቅርታ ልጠይቀው አሰብኩ፤ ለዛሬው ነው ወይስ ለአርባው ቀን ብዬ መጀመሩ አቃተኝ። እሱ ኪሱን ዳበሰና ያችን የክብሪት ቀፎ አውጥቶ ምድጃው ጠርዝ ላይ አስቀመጣት። ጫማውን አየ፣ ጣራውን አየ።

ይርጋ በገዛ አባቱ ስም ላይ ምንም ክልክል የለበትም፤ ወተትን ወተት ቢል ማንም አይቀየመውም።

«ሮጬ ጠምቶኛል» አለኝ። «ነጩ አለሽ?»